ክሊራንስ

ማክሰኞ ጠዋት ነው፤ ጉም ለብሶ ከተማው፣
ቅጹን በእጁ ይዞ ከች አለልኝ አንማው፤
ሌሊቱን ሲያስተኛ፣ ሲያነቃ ያደረ፣
ጫማው ላይ አዮዲን ጠብ ብሎ የቀረ።
ሰመመን ሰጪ ነው፤ ለፈረስ ቤት አንድ፣
እሱ ካላስተኛ ምላጭ አይነካም ሆድ።

እኔ ዕቃ ቆጣሪ፣ መዝገቤን ገልጬ፣
አንድ በአንድ ጠየቅሁት፣ ዐይኑን ሳላይ፣ አቀርቅሬ ተቀምጬ።

«ጋውን?»
«ሁለት፤ ይኸው።»
«የተረኛ ክፍል ቁልፍ?»
«ይኸው።»
«ማዳመጫ?»
«የራሴ ነበረ፤ ለአዋላጇ ለእንጉዳይ ተውሁላት፣ ጆሮዋ ይልመደው።»
«ብርድ ልብስ?»
ዝም አለ።

ዝም ያለበትን አውቃለሁ።
ሐምሌ ላይ አንዲት አራስ፣ ዶፍ እየወረደ፣
ለብሳው ነው የወጣች፤ ቃሬዛዋ ሄደ፣ ብርድ ልብሱም ሄደ።
«ተመላሽ» ብዬ ጻፍሁ። እጄም አልራደ።

ከግርጌ አንድ መስመር፦ «ከማንኛውም ዕዳ ነፃ ነው» ይላል።
ማኅተሙን እፍ ብዬ መታሁት። በቃ፤ ሰው በዚህ ያልቃል።
የዘጠኝ ወር ዱቲ እንዳልተከፈለው
ቅጹ አይጠይቅም፤ ለዚያ ሣጥን የለው።
እኔስ ምን አፍ አለኝ? የፓስፖርቱን ብር
ያበደርሁት እኔ፣ ለሚስቴ ሳልነግር።
ሐርጌሳ ነው አለኝ፣ በጅግጅጋ በኩል፤
«መቼ ትመጣለህ?» አላልሁትም። ቁልፉን ሰቀልሁት ከሌሎቹ እኩል።

ዓርብ ሌሊት ትሁኔን በቃሬዛ አመጧት፣
ምጥ ሁለት ቀን ይዟት።
ሐኪሙ ታጥቦ ቆሟል። መብራት አለ። ምላጭ አለ።
የሚያስተኛት የለ።
ሪፈር ተጻፈላት፣ ወደ ፍኖተ ሰላም፤
ምጥ ለያዛት ግን ያ ኮረኮንች ፍኖትም አይደለም፣ አይደለም ሰላም።

ሾፌሩ ሲነጋ ተመልሶ መኪናውን አጠበ፤
አልጠየቅሁትም። እሱም አልነገረኝ። ውኃው በደጄ አልፎ ወደ ቦዩ ተሳበ።

አንማውን አልረግምም። እሱስ ሲያስተኛ ሰዓት ጠብቆ ያነቃ ነበረ፤
እኛን ያስተኛን ማን ይሆን፣ እስካሁን ሳይቀሰቅሰን የቀረ?

ትናንት ከዞን ኦዲተር መጣ። ቁልፉን ቆጠረ፣
ጋውኑን ቆጠረ፣ የመጥረጊያውን እንጨት ሳይቀር ቆጠረ፣
መነጽሩን ገፋ አድርጎ በቀይ እስክሪብቶ አሰፈረ፦

«አንድ ብርድ ልብስ ጎድሏል።
ሌላው ሁሉ ተሟልቷል።»