ሂሳብ ማወራረድ

ጦይባ መነጽሯን ወደ ግንባሯ ገፍታ፣
ኮምቦልቻ፣ ፋብሪካው ውስጥ፣ እጇን ዘርግታ፣
«የሄድክበትን አምጣ» አለችኝ፣ «በደረሰኝ፤
በቃል የተነገረ መንገድ አይደርሰኝ።»

ከኮቴ ኪስ አወጣሁ የተጨማደደ ወረቀት፣
የሦስት አገር ቀለም፣ የሦስት አገር ማኅተም ያለበት።

ይሄ የሽንት ቤት ነው። አትሳቂ፣ ጦይባ፤
አንድ ፍራንክ ጎርሶ ነው በሩ የሚያስገባ።
ሙሄ ዝርዝር አጥቶ፣ እግሩን አቆላልፎ፣
ሲንቆራጠጥ ቆየ በሩን ተደግፎ።

ይሄ ደግሞ ተለጣፊ ነው፣ ከመኪና መስታወት፣
እንደ ክታብ ያለ፤ ከዓይን ሳይሆን ከቅጣት
የሚያድን። የአንዱ አገር ክታብ
ማዶ ሲሻገሩ አይገባም ከሂሳብ፤
ሌላ ግዙ ተባልን።
ገዛን።

ተራራው ግን ያው ተራራ ነው፤
በረዶው በረዶ ነው፣ የላሟም ቃጭል ያው ነው።
ሰው ነው መሀል ገብቶ፣ ገደሉን ከፍሎ፣
ይኼን ማዶ «ፍራንክ»፣ ያን ማዶ «ዩሮ» ብሎ።
እነሱ ተራራ ከፈሉ፤
እኛ ደግሞ ከፈልን፣ ያሉንን ሁሉ።

ይኼኛው የምንዛሬ ነው፤ ስለውጥ ያስከፈለኝ፣
የለወጥኩትን ስመልስ ደግሞ የቀነሰኝ።
የተረፈው ሳንቲም ነው። ባንክ ሳንቲም አይቀበልም ተባለ፤
አገር አልባ ሆኖ ኪሴ ውስጥ ይንቃጨላል፣ ይኸው አለ።

ስልኬንም መዝግቢ። ዋሻ ውስጥ ባቡሩ ሲበር
ከእኔ ቀድሞ እሱ ተሻገረ ድንበር፤
«እንኳን ደህና መጣህ» የሚል መልእክት መጣ፣
ከሥሩ ዋጋ ያለው፣ በደቂቃ የሚያስቀጣ።
እህቴ ከሆጤ ደውላ «ብርዱ እንዴት ነው?» ስትል
«ደህና ነኝ» አልኳት፣
ሁለት ቃል።
የዚያን ቀን እራቴ ነበር።

ምን በላችሁ አትበይ። ከሻንጣ የወጣ በሶ፣
በሆቴል ብርጭቆ፣ በጥርስ ብሩሽ እጀታ ተለውሶ።
ኋላማ ብልሃቱ ገባን፤ ሽንኩርት ረከሰ ሲባል
ከደሴ ኮምቦልቻ ሰው ዘንቢሉን ይዞ ይወርድ የለም? በዚያው ባህል
ጠዋት ጠዋት ድልድዩን ተሻግረን በእግር፣
ለሁለት ዳቦ ስንል ለወጥን አገር።

«ይሄስ ክፍት ቦታ?» አለች፣ ጣቷን ቀኑ ላይ ጭና።
ያን ቀን በረዶ ወርዶ መንገዱ ተዘጋና፣
አንዲት መንገድ ጠራጊ፣ አካፋዋን ተክላ፣
ሻይ ቀዳችልን ከፔርሙዝ፣ በክዳኑ፣ አስተካክላ።
ሳንቲም ዘረጋንላት፤ ጣታችንን መልሳ አጠፈችው።
ቋንቋዋን አልሰማንም። ሻዩን ግን ሰማነው።

«ደረሰኝ?»
«የለኝ።»
«እንግዲያ አልሆነም» አለች፤ በቀይ እስክሪብቶ ሰረዘችኝ።

ማታ ሐረጎን ስንወጣ፣ ጭጋጉ አቀበቱን ውጦ፣
ሚኒባሱ በአንደኛ ማርሽ ሲያቃስት፣ ሰው በሰው ላይ ተቀምጦ፣
እዚያ ያየሁት መታጠፊያ እዚህም ነበር፣ አንድ በአንድ፤
የጎደለው ተለጣፊው ነው ስል፣ ብቅ አለ ገመድ።
ኬላ። ረዳቱ ወረደ መዳፉን ጨብጦ፣
ተመልሶ ገባ መዳፉ ተገልጦ።
ማንም አልጠየቀ፣ ማንም ምንም አልጻፈ፤
ገመዱ ረገበ፣ መኪናው አለፈ።

እኔም በሆዴ ያዝኩት፣ ከሻዩ ጎን ይሄን፣
ሁለቱንም፣ ደረሰኝ የሌላቸውን፤
አንዱ የሚያሞቅ፣ አንዱ የሚያንገበግብ፣
በየትኛው መደብ ይመዝገብ?

ፒያሳ ስንደርስ «መልሴን» አልኩ ረዳቱን፤
ደባበሰ ኪሱን፣
«መልስ የለኝም» አለኝ።
እኔስ መች አለኝ?