ባላገር ሸክላ ቤት

ፒያሳ፣ ከወርቅ ቤቶቹ ጀርባ፣ ቁልቁል ሲወረድ፣
አንድ በር ነበረች፣ ሁለት ደረጃ ዝቅ ያለች ከመንገድ።
«ባላገር ሸክላ ቤት» ይላል ከላይዋ፣ በቀይ ቀለም፤
«ሸ» ጠማማ ናት። ሠዓሊው ቸኩሎ ይሁን ጠጥቶ፣ አላውቅም።

ጋሽ ወርዶፋ፣ አስመራ፣ ቃኘው ጣቢያ ሳህን ሲያጥብ ኖሮ፣
አንድ ሳጅን አገሩ ሊገባ ዕቃውን ቋጥሮ
ጓዙ ቢበዛበት፣
ሦስት ካርቶን ሸክላ «ውሰድ» ብሎ ተወለት።

እንግሊዝኛው «የስ» እና «ፕሌት» ነው፤ ከዚያ አያልፍም።
ግን ያ ጊታር ሲያላዝን ሰማና አልተጠራጠረም፦
«ይኼ ሰው በሬ ሞቶበታል» አለ።
በእርሳስ ጽፎ ሽፋኑ ላይ ለጠፈው፤ ሸክላው በዚያ ስም ዋለ።

ሌሎቹም እንዲሁ፦ «ባቡር ያመለጠው»፣
«ዝናብ የቀረበት»፣ «አማቱ የጠላችው»።
እኔ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ፣ አቧራ ጠራጊው፣
ስማቸውን በቃሌ ይዤ መዛዡ፣ አቀባዩ፣ ተላላኪው።

ቅዳሜ ከሰዓት የአውቶቡስ ሾፌር፣ የፖስታ ቤት ጸሐፊ፣
የልደታው ልብስ ሰፊ፣
ደረጃዋ ላይ ተደርድረው «ጋሼ፣ እስቲ ዝናብ የቀረበትን!» ይላሉ፤
ሸክላው ሲዞር፣ የየራሳቸውን ሰማይ ቀና ብለው ያያሉ።

አንድ የስድስት ኪሎ ተማሪ መጣና፣ ጥቂት አዳምጦ፣ ስቆ፣
«ጋሼ፣ በሬ የሚል የለበትም። ሚስቱ ናት የሄደችበት» አለው ተጠንቅቆ።
ጋሽ ወርዶፋ አሰበ። መርፌውን አነሣ።
«እሺ፣ ሚስቱም ትሂድ። በሬው ግን ሞቷል።»
ወረቀቷንም አላነሣ።

ከዚያ ዘመኑ ዞረ።
ጓድ ግዛቸው ከቀበሌ መጣ፣ ማኅተም በኪሱ፣ ሽጉጥ በወገቡ፦
«የኢምፔሪያሊስት ሙዚቃ ትሸጣለህ ይላል ሕዝቡ።»
ጋሽ ወርዶፋ ላቡን በክንዱ ጠረገ፦
«ጓድ፣ ታፔላውን አንብበው፤ ባላገር ነው።
ይኼም አራሽ ነው፣ መሬቱን ባንክ የነጠቀው።»
ጓዱ ሣጥን ስቦ ተቀመጠ። አንዱን ፊት ጨርሶ ሌላውን አስገለበጠ፤
አንዴ ብቻ፣ ወደ በሩ ዞሮ፣ በመሐረብ ተናፈጠ።
«ለምርመራ ይፈለጋል» ብሎ
ማኅተም መታበት፤ «በሬ የሞተበት» ወጣ፣ ከብብቱ ሥር ውሎ።

አልተመለሱም። ሸክላውም፣ ጓዱም።
ካሴት መጣ፣ ከዚያ ሲዲው፤ ደረጃዋን ማንም አልወረዳትም።
ጋሽ ወርዶፋ በክረምት ሞተ። ልጆቹ ሱቋን ለሞባይል ሽፋን ነጋዴ አከራዩ።
አምና፣ መንገድ ሊሰፋ ነው ሲባል፣ ግድግዳዋ ላይ ቀይ ምልክቶች ታዩ።
ከሳምንት በኋላ ባልፍ፣ ሁለቱ ደረጃዎች ብቻ ቀርተዋል፣
ወደ ምንም የሚያወርዱ።

ጥቅምት ላይ፣ ምናለሽ ተራ፣ የወንፊትና የጎማ ክምር መሀል፣
አንድ ሸክላ አየሁ። ማኅተሙ ደብዝዟል፤
እርሳሱ የሱ ነው፤ «በሬ» ይነበባል፣ የቀረውን ውሃ አጥቦታል።
ሃምሳ ብር አለኝ። አልተከራከርኩም።
ማጫወቻ የለኝም፤ መርፌም።
እዚያው ቆሜ፣ ጆሮዬን ደፍቼ፣ መስመሩን በጥፍሬ ተከተልኩት።
ሽ... ሽ...

«አባባ፣ ምን ይላል?» አለኝ ሻጩ ልጅ።
«ቆይ» አልኩት፣
«በሬው ገና መታመሙ ነው።»