ሩብ ክኒን

ከቱሉ ዲምቱ ወዲያ፣ አስፋልቱ አልቆ ኮረኮንቹ ሲጀምር፣
የቆርቆሮ አጥር አለ፣ ሰማያዊ የላቦራቶሪ በር።
እዚያ ነው የምውለው፤ ሥራዬ ሥጋ መክተፍ ነው፣
ከጸጉር አቅጥኜ፣ ትንፋሼ እንኳ እንዳይወስደው።

ሃያ አራት አይጦች፤ ግማሹ ውኃ፣ ግማሹ መድኃኒት፣
ስድስት ሳምንት፣ በየጠዋት።
ከዚያ ከየኩላሊቱ አናት
እንደ ቆብ የተደፋችውን ዕጢ በወረንጦ አነሣሁ።
የውኃ ጠጪዎቹ ምስር ታክላለች፣
የሌሎቹ ከምስር ክክ አንሳለች።

በፓራፊን አድርቄ፣ በስለት ልጬ፣
ሮዝና ወይን ጠጅ ቀለም አጠጥቼ፣
በማይክሮስኮፕ ሳያት፦
የውጪው ሽፋን፣ የጨው ዘበኛው፣ አለ፤
መካከሉ ነው የጎደለ።
በረድፍ የቆሙት ሴሎች ከስተው፣
ስቡ እንዳልተፈለጠ ግንድ ደጃፋቸው ተከምሮ፣
ኢንዛይሞቹ፣ እነዚያ ፈላጮች፣ ምሳራቸውን ጥለው
የሄዱበት አይታወቅም። ቤቱ አለ፤ ሠራተኛ የለም ዘንድሮ።

ዶክተር ስንዱ «ጻፍ» አለችኝ፤ «ቅርፊቱ ቀጥኗል፣ ኢንዛይሙ ቀንሷል»።
ጻፍኩ። እጄ ግን የእኅቴን ስም ለመጻፍ ደርሷል።

ዲንቄ አስሟ ሲጠና ሁለት ዓመት ውጣዋለች፣
ያንን ነጭ ክኒን። ፊቷ ክብ ሆነ። ጎረቤት «ተመቻት፣ ወፈረች»
ሲል ትስቅ ነበር፤ ማታ አራተኛ ፎቅ ስትወጣ
ጉልበቷን በእጇ እየገፋች፣ ላቧ እንደ ዝናብ እስኪመጣ።

አንድ ሰኞ የኮዬው ፋርማሲ «አልቋል» አላት።
ትንፋሿም ደኅና ነበር፤ ተወችው። ማን ነግሯት?
በአራተኛው ቀን የታክሲ ሰልፍ ላይ ተዝለፍልፋ ወደቀች።
ከአንጎሏ ሥር ያለው ጠሪ ድምፁ ሰልሎ፣
ከኩላሊቷ በላይ ያለው ተጠሪ ተኝቶ ውሎ፣
ማን ለማን ይድረስ?
ድንገተኛ ክፍል ጨውና ስኳር፣ በመርፌም የዚያኑ መድኃኒት ዘመድ ሰጧት፤ ነቃች።

አባታችን ጉርሜሳ አልጋዋ ጥግ ተቀምጦ ሰማኝ።
ስለ ዕጢዋ ሳስረዳው መዳፉን ገልብጦ አሳየኝ፤
መሬቱ ለኮንዶሚኒየም ከሄደ፣ ካሳ ከተቀበለ ወዲህ የለሰለሰ መዳፍ።
«ሞፈሬን አምና አንሥቼ መለስኩት» አለ።
«ሲሰፍሩለት እጅም እንዲያ ነው።»

ምን ልበለው? ዕጢ ትመለሳለች። መሬቱ ግን አይመለስም።
ይህን አላልኩትም።
መድኃኒቱንም አልረገምኩም፤
ትንፋሿን ያቆየላት እሱ ነው።

አሁን በየጠዋቱ፣ ሥጋ ባልነካ አዲስ ስለት፣
ሐኪሙ በጻፈልን ቀን ልክ
ክኒኗን እቆርጣለሁ፤ ግማሽ ነበር፣ አሁን ሩብ።
ፍርፋሪውን በጣቷ ጫፍ ትለቅማለች።
አባቴ «ቀስ በቀስ…» ብሎ ሲጀምር
«እንቁላሉን ተወው!» ትለዋለች።

ትናንት የደሟ ውጤት መጣ፤ ቁጥሯ ትንሽ ናት፣
ግን ካለፈው ወር ትበልጣለች።
እኔ ሕያው ዕጢ አይቼ አላውቅም፤
የማውቀው የሞተ፣ ቀለም የጠጣ።
ማታ ግን፣ ከግድግዳው ማዶ እንቅልፏን እየሰማሁ፣
ከጎድኗ ሥር አንድ እንቅልፋም
ምሳሩን በጨለማ ሲዳስስ ይታየኛል።
አንድ ፍልጥ።
ቆይቶ፣
አንድ።