ቅቤ ያልሆነ ቅቤ

ሂርማታ ላይ ዝናብ፤ መብራት የለም ቤቱ፣
ከሰሉም ርሶብኝ አልያዝ አለ እሳቱ።
ልጄ ወለላ ግን ጣፋጭ ነገር አምሯታል፣
ሁዳዴ ከገባ ሳምንት አልፎታል።

«እሳት አያሻንም፤ እጅሽን ታጠቢ፣
ጎድጓዳውን ሳህን ከመደርደሪያ ሳቢ።»

ብልቃጡን አነሳች፤ ራቢያ የፈጨችው፣
በእስክሪብቶ ጽፋ ስም የለጠፈችው።
«የለውዝ ቅቤ ይላል! ልታስገድፊኝ ነው?»
ሳቅሁኝ። «ስሙ ነው እንጂ፣ ላም አታውቀው።
ለውዝ ነው ተቆልቶ፣ ዘይት አውጥቶ የላመ፣
እንኳን ላም ጥጃዋም በደጁ አልቆመ።»

ተምሩም የሷው ነው፤ በፔርሙዝ ውሃ ርሶ
ሙቀጫ ውስጥ ላልቶ መጣ ማር ለብሶ።
ማር ግን ቤቴ የለም፤ ማሬ ልጄ ናት፣
ወለላ ካልኳት ወዲህ ትቻለሁ መግዛት።

ኮርንፍሌክሱ ሲገባ ተንኮሻኮሸ፣
ጣቷ ላይ ተጣብቆ ክንዷን አበላሸ።
ድቡልቡል አረግነው፤ አንዱ እንቁላል አህሎ፣
ሌላው እንደ ጠጠር ከትሪው ተንከባሎ።

ፍሪጁ ዝም ብሏል።
መስኮት ዳር አኖርነው፣ እንዲረጋ በብርዱ፤
ወለላ ቆጠረች፣ ጎደለባት አንዱ።
«አልበላሁም» አለች።
አፏ ግን ለውዝ ለውዝ ሸተተ።

ራቢያ ገባች፤ ጃንጥላ አራግፋ፣
ትሪውን አየችና ቆመች በር ተደግፋ።
«አልረጋም?»
«ገና ነው።»
«አዛኑም ገና ነው።»
ሦስታችን ዝም ብለን ዝናቡን ሰማነው።