የነፋስ መዝገብ

ከመሐል ሜዳ ወዲያ፣ መንዝ የሚያልቅበት አፋፍ፣
ዓመት ሙሉ ተቀጠርኩ፣ ነፋስ ልጽፍ።

ደሞዜ ሰባ ብር፤ መሣሪያዬ ቀጥ ያለ ብረት፣
አናቱ ላይ የሚሾሩ ሦስት ጭልፋዎች ያሉበት።
መሐንዲስ ልሳነወርቅ እንዲህ አለኝ፦ «አውሮፕላን
እንደ እኛ ጋቢ ተከናንቦ ጀርባውን አይሰጥም፤
ነፋሱን በፊቱ ካልጠጣ ከመሬት አይነቀልም።
የባሕር ጠረፍ አገር ሜዳውን ለባሕሩ ነፋስ ያዞራል፤
ተራራ የከበበው፣ ሸለቆው ያለውን ይሰማል፤
አንዳንዱ ጋ በገባህበት ትወጣለህ፣
እንደ ጎጆ፣ በሩ አንድ ነው።
እዚህ ደግሞ አየሩ ስስ ነው፣ መንደርደሪያው ይረዝማል።
ስለዚህ ጻፍ። ከየት መጣ? ስንት ሆነ?
በየሰዓቱ። ሌሊትም።»

ጻፍኩ።
በጥቅምት ከምሥራቅ፣ ከአፋር ቆላ ተነሥቶ፣
ገደሉን ሽቅብ እየላሰ፣ አፋፉ ላይ ጉልበት አግኝቶ።
በሐምሌ ከምዕራብ፣ ጉም እየጎተተ፣ በረዶ አዝሎ፤
እርሳሱ ከጣቴ እየሾለከ፣ ስድስቱ ዜሮ መስሎ።
አንድ ሌሊት፣ ዛሬ ልናገረው፣ እንቅልፍ ጥሎኝ አደርኩ፤
ጠዋት የሰባት ሰዓት ነፋስ ከራሴ ፈጠርኩ።

አያ ድንቅነህ ገብስ ሲያዘራ አየኝና
«ምን ትጽፋለህ?» አለኝ። «የነፋስን መንገድ።» ሣቀና
ላይዳውን ከፍ አድርጎ በተነው፤ ፍሬው እግሩ ሥር፣
ገለባው በስተምዕራብ፣ እንደ ተዘረጋ ክር።
«ይህን አውድማ የመረጠው ያባቴ አባት ነው።
ነፋሱን ያላወቀ ገብሱን ከነገለባው ይበላል።»

ዓመቱ ሲሞላ መሐንዲሱ መዝገቤን ደምሮ
ክብ ላይ ቅጠል ቅጠል አበቀለ፤ አደይ መሰለ።
ረጅሙ ቅጠል በአያ ድንቅነህ ገለባ ልክ ተኛ።
ልሳነወርቅ መነጽሩን አወለቀ፤ ዝም አለ።

መንደርደሪያው ተቀየሰ። አውድማው መሀሉ ላይ ዋለ።
አያ ድንቅነህ ካሣውን ቆጥሮ ወደ ቁልቁለቱ ወረደ፤
እዚያ ነፋሱ ይዞራል፣ ሐሳቡን ይቀያይራል፤
ሁለት ዓመት ገብሱ ከነግርዱ ተፈጨ።
በኖራ፣ ምዕራብ ጫፍ ላይ ዘጠኝ፣
ምሥራቅ ጫፍ ላይ ሃያ ሰባት ተጻፈ፤
የአቅጣጫ ቁጥር ነው፣ ለአብራሪ።
አውሮፕላኗ ሁለቴ መጣች።
ከዚያ የመኪና መንገድ ተሠራ፣ ቀረች።

አሁን በየታኅሣሡ
አያ ድንቅነህ ሃያ ሰባቱ ላይ ቆሞ ላይዳውን ያነሣል።
«ይህን የሚያህል አውድማ ንጉሥም የለው» ይላል።
ገለባው ሳያወላውል ወደ ዘጠኙ ይሄዳል።

መዝገቤ እውነቱን ነው።
ያቺ የፈጠርኳት ሌሊት ብቻ፣ ሰባት ሰዓት፣
ከየት እንደ ነፈሰች፣ እንጃ።