ከቦቱር የቀረ

ያና ወንዝ ቆሟል። የጭነት መኪና
በጀርባው ይነጉዳል፣ በመስታወት ጎዳና።
ደጁ ሃምሳ ነው፣ ከዜሮ ወደ ታች፤
ትንፋሼ ከአፌ ሳትርቅ ደረቀች።
"ይሄ ደግሞ ብርድ ነው?" ይላል ጋን ብረቱ፣
መቶ ዘጠና ስድስት ነውና አንጀቱ።

እዚያ ውስጥ ነው ያለው፣ በስስ ቱቦ፣
ቦቱር ኮርማችን፣ እንደ ገለባ ጠቦ።
ሥጋውን ከቀበርን ስድስት ክረምት ሆነ፤
ያ ሁሉ ማጓራት በጠብታ ተወሰነ።

ብርድ ገደለው ይላሉ። ብርድስ ያስተኛል፤
ሞት ከመቀስቀሻው ደጃፍ ላይ ይገኛል፦
ያ የምንኖርበት አየር ሲመለስ፣
እንደ ምስማር ዝገት ቆዳ ሲልስ፣
ጭራ ይበጠሳል፣ ዋናተኛው ይቆማል፤
ሕይወት ያልነው ነገር ሕይወት ይቀማል።

ዝገት መከላከል ነበር የኔ ሥራ፤
ከእንቁላል አስኳሉ፣ ከግሊሰሪኑ ጋራ
ቫይታሚን ኢ ጨመርኩ። ያኔ፣ በጀማሪ እጅ፣
በእንግዳ ወጥ ላይ ጨው እንደምታበዛ ልጅ፣
አፈሰስኩበት። ጎንበስ ብዬ ሳይ፣
አንድም የሚዋኝ የለም በመስታወቱ ላይ።
ኪሪል አለቃዬ ቢያይም አልተቆጣም፤
"ጋን በጠጠር እንጂ በቋጥኝ አይቆምም።"

ግማሽ። የግማሽ ግማሽ። የዚያም ሩብ።
ክረምቱ አለቀ በጠብታ ሒሳብ።
ጠብታው ያለበትን በሰማያዊ ቱቦ፣ የሌለበትን በነጭ።

ዛሬ አግራፌና መጣች፣ ከነላሟ፣
ያቺ የመጨረሻዋ፣ ኪታሊክ ነው ስሟ።
የላሚቱ ጡት በጠጉር ከረጢት ታስሯል፤
"ኮርማ ፈልጋለች፤ ነገ ጊዜው አልፏል።"

ሠላሳ ሰባት ዲግሪ ውሃ፣ ሠላሳ ሰከንድ።
ነጩ፦ ከመቶ ዐሥራ ሁለት፣ እሱም ባለበት የሚዞር እንደ እብድ።
ሰማያዊው፦ አርባ ሦስት። ቀጥ ብለው፣
ልክ እንደ ያና ዓሣ ሽቅብ የሚዋኙ ናቸው።

"ሕያው ነው?" አለችኝ። "አርባ ሦስት ከመቶ።"
"ቁጥር አልጠየቅኩሽ።" ዝም አልኩ፣ ልቤ ፈርቶ።
እጄ ወደ ሙቀቱ ገባ፣ ቀስ ብሎ ወጣ፤
መልሱን የምናውቀው በመስከረም ነው፣ ጥጃ ከመጣ።

"ምን ሰጠሽው?" አለች፣ ገመዱን እየሳበች።
"ዝገት የሚከለክል።" ሳቀችና አሰበች፦
"ለጉልበቴስ የለሽም፣ ከዚያው፣ አንዲት ጠብታ?"

ጋኑን ከደንኩ። መዝገቡ ላይ ጻፍኩ፦
ሰማያዊ። የቀረ፣ ዐሥራ አንድ።