ንጉሥ የለሽ ግቢ

ከአዘዞ በኩል ጉም ሲወጣ፣ መብራት ሄዶ ሲመጣ፣
የማታ ተረኛ ሆኜ ደም መስታወት ላይ ሳሰጣ፣
ስሙን አነበብኩት፦ አዛናው ብሬ፤ ዕድሜ ሰባ አንድ።
ቀለሙን እንደያዝኩ ቀረሁ፤ እጄ እምቢ አለ ሊወርድ።

ዐሥረኛ ክፍል። ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ዝናቡ ከበሮ፣
መምህሩ ይጮኻሉ በጠመኔ በነጣ ጉሮሮ፦
«ህዋስ ማለት በመስኮቱ የሚታያችሁ ግቢ ነው!
ተነሱ፣ እዩት፤ ፈተና ላይ የሚመጣው ይኸው ነው።»

ተነሳን። ከጥዱ በላይ የግንቡ ጫፍ ረጥቧል።
«አጥሩ ገለፈት ነው፤ መርጦ ያስገባል፣ መርጦ ይመልሳል።
ማይቶኮንድሪያ ምድጃ፣ እንጨት ሳይሆን ስኳር የሚያነድ፤
ራይቦዞም ባለእጅ፣ ከታዘዘው ዝንፍ የማይል በአንድ፤
ጎልጂ ግምጃ ቤት፣ አሽጎ፣ አትሞ የሚልክ፤
ላይሶዞም...» ሳቁ፤ «ማንም የማይመኘው ሥራ፣
ስብርባሪ የሚለቅም፣ ግቢውን ከጉድፍ የሚያጠራ።
መሃል ላይ አስኳል፤ ንጉሥ ነው፤ ቃሉ አዋጅ፣
ሌላው ሁሉ የሚያድረው በእርሱ ደጅ።»

«ንጉሡ ቢሞትስ?» አልኩ ከኋላ ወንበር።
ክፍሉ ሳቀ። እርሳቸው አልሳቁም ነበር።
«ግቢው ይፈርሳላ፣ አንጓች።» ደወል ተደወለ።
በመስኮቱ አየሁ፦ ግንቡ እንደቆመ አለ።

ኮሌጅ ስገባ ነው ከቀዩ ህዋስ የተዋወቅሁት፣
ቅርጽ የሥራ ልጅ መሆኑን ከእርሱ የተማርሁት።
መቅኔ ውስጥ ሳለ ንጉሡን ራሱ ገፍቶ ያስወጣል፣
ባለእጁን ያሰናብታል፣ ምድጃውን ያፈርሳል፤
የተሸከመውን ኦክስጅን መንገድ ላይ እንዳይበላ።
መሃሉ ጎድጓዳ፣ በሁለት አውራ ጣት እንደተጫኑት ሊጥ፣
ከራሱ በጠበበ ጎዳና ተጣጥፎ የሚያመልጥ።
መቶ ሃያ ቀን ይሮጣል፤ ቢቀደድ ጠጋኝ የለው፤
ጣፊያ ደጃፍ ሲፈታ፣ ብረቱን እንኳ ለተረኛ ነው የሚተው።

ይህን ልነግራቸው ነበር። ሃያ ሁለት ዓመት።
ፒያሳ ሳገኛቸው ሰላምታ፣ ከዚያ ጥድፊያ፣ ከዚያ ክረምት።

ጄኔሬተሩ አጓራ። ዘይት ጠብ አደረግሁ፤ ሌንሱን አወረድሁ፤
ቀዮቹን ፈለግሁ።
ጥቂት ናቸው። ተራርቀዋል፣ ገበያ እንደተፈታበት ሜዳ።
ቦታውን የሞላው ሌላ ነው፤ ያልተጠራ እንግዳ፦
ትልልቅ፣ ክብ፣ ከጠርዝ እስከ ጠርዝ አስኳል፤
ግቢው ቀጭን ሰማያዊ ክር ሆኖ ዳር ላይ ቀርቷል።
ዙፋን ብቻ። ምድጃው የታለ? ዘበኛው የታለ?
ሁሉም ያውጃል፤ የሚሰማ የለ።
ነጭ ህዋስ፣ ወታደር ሊሆኑ የተወለዱ፣
መዋጋት ሳይማሩ ነግሠው የተራቡ፣ የወለዱ፣ የወለዱ።

መቶ ቆጠርሁ። ሰባ ስምንቱ እነርሱ።
አይኔን አሸሁ። ደግሜ ቆጠርሁ።
ሰባ ዘጠኝ።

በመቀበያው ቀዳዳ አጎነበሱ፤ ካፖርታቸው ሰፍቷቸዋል።
«አንጓች? የኋላ ወንበሯ? ምን አየሽ?»
«ሐኪሙ ይነግርዎታል።»
ደንብ ነው። ደንቡን ግን እንደዚያ ቀን ጠልቼው አላውቅም።
«እሺ» አሉ። አልሄዱም።
«ያቺ ጥያቄሽ... ያን ማታ ቤቴ ገብቼ ነው የገባኝ።
ግንቡ እኮ ቆሞ ነበር። በማግስቱ ልነግርሽ አፍሬ ተውኩት፤ ታዘቢኝ።»

«መምህር፣» አልኩ፣ «ንጉሥ የሌለው ግቢ አለ። ይሠራል።
ሌት ተቀን ይሸከማል።»
ፈገግ አሉ። «እሱን ደግሞ ነገ ታስረጅኛለሽ፤ አሁን መሽቷል።»

ወደ ሐኪሙ ክፍል ሰባት ደረጃ አለ።
በመስታወቱ አየኋቸው፤ ግድግዳውን ይዘው።
አንድ ደረጃ። ቆሙ። ትንፋሽ።
እነዚያ ጥቂት ቀዮች፣ አዛዥ የሌላቸው፣
ከውስጥ ሆነው አንድ ሽማግሌ ተሸክመው
ወደ ላይ ይወጣሉ።
ሁለተኛው ደረጃ። ቆሙ።